ውኃ በጎንደር ስንት ላይ ይፈላል?

መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ ይህ ግን በባሕር ወለል ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ስላለችና የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ፣ ውኃው በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በደባርቅ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በደጋ ባቄላ ቶሎ አልበስል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገ መምህራን ለምንሆን ሁሉ የኢነርጂ ትምህርት ከዚሁ ምድጃ ቢጀመር መልካም ይመስለናል። መምህራን አንድን ትምህርት በጋራ አዘጋጅተው የሚያርሙበት ልማድ በጃፓን የቆየ ነው። እኛም እንዲህ ብናደርግስ?

፩ኛ፤ አብረን እናቅድ። ቴርሞሜትሩን መምህሩ ሳይሆን ተማሪው ይያዝ፤ ከማፍላቱም በፊት ግምቱን ይጻፍ።

፪ኛ፤ አንዳችን ስናስተምር ሌሎቻችን መምህሩን ሳይሆን ተማሪዎቹን እንመልከት፤ ማን ለካ? ማን ዝም ብሎ ገለበጠ?

፫ኛ፤ ጥያቄውን አሻሽለን በሌላ ክፍል እንድገመው። ለምሳሌ፦ «ከፈላ በኋላ እሳቱ እየነደደ ሙቀቱ ለምን አይጨምርም?» መልሱ፣ ኢነርጂው ውኃውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ይውላል ነው። አንድ ሊትር ውኃን ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ 300 ኪሎጁል ያህል ሲበቃ፣ ሁሉን ለማትነን ግን ከ2,200 በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ድስቱን መክደንና ከፈላ በኋላ እሳቱን መቀነስ እንጨት ያተርፋል።

ተማሪው ቴርሞሜትሩ 93 እያሳየው 100 ብሎ ቢጽፍ፣ ከዓይኑ ይልቅ መጽሐፉን እንዲያምን ያስተማርነው እኛ ነንና ወቀሳው በእኛ ላይ ይሁን።