ማዘን እና መቸኮል



በ21ኛው ቀን መፈልፈያ ማሽኑ ውስጥ አንዱ እንቁላል ተቀዶ ጫጩቷ ከውስጥ ጪው ጪው ስትል ብትሰሙ፣ እጃችሁ ቅርፊቱን ሊልጥ ይቸኩላል። ትንሽ ታገሱ።

ጫጩቷ የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ከከፈተች በኋላ ለብዙ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ ጸጥ ትላለች። የደከመች ትመስላለች፤ ግን ሥራ ላይ ናት። በሳንባዋ መተንፈስ ትለምዳለች። በቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ሽፋን ያለው ደም ወደ ሰውነቷ ይመለሳል፤ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዷ ይገባል። ከወጣች በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሳትበላ የምትቆየው በዚህ ስንቅ ነው። ሱብሓነላህ!

ቀድመን ከላጥናት ደሟ ይፈሳል፣ ስንቋም ሳይገባ ይቀራል። ክዳኑን በከፈትን ቁጥር ደግሞ እርጥበቱ ይወጣና ገና ባልወጡት ጫጩቶች ላይ ሽፋኑ ደርቆ ይጣበቃል።

ታዲያ ዝም ብለን እንያት? ከመጀመሪያው ቀዳዳ 24 ሰዓት አልፎ ለውጥ ከሌለ፣ ሽፋኑም ከደረቀባት፣ ለብ ባለ ውሃ አርጥቡት፤ ከቀዳዳው ዙሪያ ጥቂት ብቻ አንሱላት። ደም ካያችሁ ወዲያው አቁሙና መልሳችሁ አስገቧት።

ማዘን ብቻውን አይበቃም፤ ያዘንለት ፍጡር ምን እንደሚያስፈልገው ማወቅም ያሻል። ታናሻችሁ ቁርኣን ሲቀራ ፊደል ቢከብደው፣ ቶሎ ነጥቃችሁ አትቅሩለት። ጠብቁት። ሲያቅተው ግን አጠገቡ ሁኑ።

ጁሙዓ ሙባረክ!