ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል

አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይላሉ። አባባሉ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። በውሃ ዳር ግን ቃል በቃል እውነት ነው።

ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ የቀበሌ ወጣቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና የተማሪ ክበቦች ለሽርሽር ይወጣሉ። አውቶቡስ ይከራያሉ፤ ዳቦና ሙዝ ይጭናሉ፤ እየዘፈኑ ወደ ላንጋኖ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ይጓዛሉ። መልካም ነው። ዋና ሰውነትን ያጠነክራል። ነገር ግን አርባ ልጅ ይዞ የሄደ ሰው አርባውንም ይዞ መመለስ አለበት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ብቻ በዓለም ላይ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል።

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናርም። ብዙዎቻችን የሚሰምጥ ሰው «ድረሱልኝ!» እያለ የሚጮህ፣ እጁን የሚያወናጭፍ ይመስለናል። ብዙውን ጊዜ እንዲህ አይደለም። ለመጮህ አየር ያስፈልጋል። የሚሰምጥ ሰው አፉ ከውሃ በላይ የሚቆየው ለአንድ አፍታ ነው፤ በዚያች አፍታ ይተነፍሳል እንጂ አይናገርም። እጆቹም ራሱን ከፍ ለማድረግ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ስለዚህ ከሩቅ ሲታይ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ዓይኑ ይፈዛል። እንዲህ ሆኖ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሴኮንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ውሃው ይዘጋበታል።

እኔ ይህን መጀመሪያ የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት 34 ልጆች ይዘን ላንጋኖ ወርደን ነበር። ትልልቆቹ አራት ነን። አራታችንም ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ አንዳችን ሌላውን አምነን፣ ሽንኩርት እንከትፋለን። አንዲት ልጅ መጥታ «ጋሼ፣ እሱ ልጅ ለምንድን ነው ዝም ያለው?» አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ጓደኞቹ ኳስ እየተቀባበሉ ይስቃሉ። እሱ ከእነሱ ሦስት እርምጃ ርቆ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሮጠን ስንደርስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ስናወጣው ሳለ፣ አስመለሰ፣ ከዚያም አለቀሰ። ልጆቹን «አላያችሁትም እንዴ?» ብንላቸው «የሚጫወት መስሎን» አሉ። ምን ይፈረድባቸዋል! እኛስ ብናየው የሚጫወት አይመስለንም ነበር?

አራት ሰው በጋራ ሲጠብቅ ማንም አይጠብቅም። ስለዚህ ጠባቂው በስሙ ይመደብ። ጠባቂ የሆነ ሰው ወጥ አይሠራም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ስልክ አይነካካም። ሥራው ውሃውን ማየት ብቻ ነው። ለአሥር ልጅ አንድ ጠባቂ ቢያንስ ያስፈልጋል፤ ቢበዛ ይሻላል። ዓይን ስለሚደክም በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየሩ። ሲቀያየሩም በቃል ይሁን፤ «አሁን አንተ ነህ»፣ «እሺ፣ እኔ ነኝ»።

ልጆቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ። ጥንዶቹ በችሎታ እኩል ይሁኑ። በየአሥር ደቂቃው ፊሽካ ሲነፋ ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ላይ ያንሡ፤ ይቆጠሩ። ቁጥሩ ቢጎድልስ? ሁሉም ወዲያው ይውጣ። የጎደለው ልጅ መጀመሪያ የሚፈለገው ውሃ ውስጥ ነው። «ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል» ብሎ ወደ ጫካ መሄድ ስሕተት ነው። ጫካ ያለ ልጅ ከአሥር ደቂቃ በኋላም ደህና ነው።

ዋና የሚችለውና የማይችለው አስቀድሞ ይለይ። በቃል ብቻ መጠየቅ ግን አይበቃም። ጎረምሳ በልጃገረዶች ፊት ሲጠየቅ «አልችልም» አይልም። ትልቅ ሰው አጠገቡ ቆሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲዋኝ ይየው። የማይችለው ከወገቡ በላይ አይግባ።

ቦታውም ይታወቅ። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሰው የሚመርጠው ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ስለሚባል ነው። ውሃው ግን ቡናማ ነው፤ ጉልበትዎ ድረስ ገብተው እግርዎን አያዩም። የሰመጠም አይታይም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ በከመነዳሪ ላይ የተንሳፈፈውን ልጅ ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። የቢሾፍቱ ሐይቆች ሌላ ናቸው። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የፈጠራቸው ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዳር ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ መሬቱ ሊያልቅ ይችላል። በየትኛውም ቦታ አንድ ጎበዝ ዋናተኛ ቀድሞ ገብቶ ይለካ፤ ወሰኑም ባዶ ጀሪካን በታሠረበት ገመድ ይከለል።

ወንዝ ከሆነ ሰማዩን ብቻ አትመኑ። እናንተ ዘንድ ፀሐይ ሆኖ ላይኛው አገር ሊዘንብ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ላይ ደራሽ ውሃ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ገድሏል። ስለ አዞና ጉማሬ ደግሞ ዓሣ አጥማጁንና እረኛውን ጠይቁ።

የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛል። ስለዚህ ዘላችሁ አትግቡ። ዱላ ዘርጉለት፤ ገመድ ወይም ጋቢ ወርውሩለት። ክዳኑ የተዘጋ ጀሪካንም ያንሳፍፋል፤ ጥቂት ውሃ ቢቀርበት ነፋስ አይመልሰውም።

የወጣው ልጅ የማይተነፍስ ከሆነ ቁልቁል አትዘቅዝቁት፤ ሆዱንም አትጫኑ። ይህ የቆየ ልማድ ጊዜ ያባክናል። አንጎል ያለ አየር በጥቂት ደቂቃ ይጎዳል። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ተንፍሱለት። ቀጥሎ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ሁለት ጊዜ ተንፍሱለት፤ እስኪነቃ ወይም ሐኪም እስኪደርስ አታቋርጡ። ቢነቃም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሳንባ ውስጥ የቀረ ውሃ ከሰዓታት በኋላ ሊያፍነው ይችላል።

እኛም ያን ልጅ ጤና ጣቢያ ወስደነው ነበር። ማታ ደጃፋቸው ስናደርሰው እናቱ «ሽርሽሩ እንዴት ነበር?» አሉን። የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው።