ወርቁ ሄደ፣ ስደተኛው መጣ

የእንግሊዟ ከተማ ካንተርበሪ፣ በ1170 (እ.ኤ.አ.) ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በካቴድራሉ ውስጥ በንጉሡ ጭፍሮች ከተገደሉ ወዲህ ኑሮዋ በተሳላሚ ነበር። በ1538 ግን ከሮማው ፓፓ የተለየው ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የመቃብራቸውን ሐውልት አስፈረሰ፤ ወርቁንና ዕንቁውንም ወደ ግምጃ ቤቱ አስገባ። የቅዱስ አውግስጢኖስ ገዳምም በዚያው ዓመት ተዘጋ። ተሳላሚ ቀረ፤ ከተማዪቱም ተጎዳች።

ከ40 ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱ ፕሮቴስታንት ሸማኔዎች ባሕር ተሻግረው መጡ። በካቴድራሉ ምድር ቤት በፈረንሳይኛ እንዲጸልዩ ተፈቀደላቸው፤ እነርሱም በሽመናቸው ለከተማዪቱ እንጀራ ሆኑ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ሥልጣን የቤተ ክርስቲያንን ወርቅ ሊወስድ ይችላል። ለስደተኛ በር መክፈትን ግን ማንም አይወስድብንም። ዛሬ በፈረሰው ሐውልት ስፍራ አንዲት ሻማ ትበራለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።