በረዶ ባለበት አገር ከልጆች ጋር ደጅ መዋል

በአማርኛ «ክረምት» ስንል የምናስበው የሰኔን፣ የሐምሌንና የነሐሴን ዝናብና ጭቃ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ክረምት የምለው ሌላውን፣ በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ከኅዳር እስከ መጋቢት የሚቆየውን የበረዶ ወቅት ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ። እዚያ ታኅሣሥ ላይ የቀን ብርሃን 9 ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ጠለቀች ማለት ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እየጨለመ ነው። ወላጅም «ብርድ ይመታሃል፣ አርፈህ ቁጭ በል» ይላል። እንዲህ እየተባለ አምስት ወር ቴሌቪዥን ፊት ያልቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። በብርድ ጊዜ ይቅር አላለም! «ብርድ መታኝ» የምንለው ጉንፋንም ቢሆን የሚመጣው ከቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት በተዘጋ ቤት ውስጥ ይመቸዋል።

ይህን ስል ብርዱ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። ቴርሞሜትር ብቻ ማየት አይበቃም፣ ነፋሱም ይታያል። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ ሰውነት የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ያህል ነው። ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሊደርቅ ይችላል። ልጆች ደግሞ ከአዋቂ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እየገቡ መሞቅ አለባቸው።

ልብሱን በተመለከተ እናቶቻችን የሚወዱት ጥጥ እዚህ ላይ አያዋጣም። ጋቢ ቤት ውስጥ ወደር የለውም፤ ደጅ ግን ጥጥ በላብና በበረዶ ሲርስ ሙቀት መያዙን ይተዋል። ከውስጥ ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ መሀል ላይ ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይደረጋል። ጓንትም አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ይሻላል፣ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉ።

ቋንቋችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሐይቅ ላይ የሚጋገረውንም በአንድ ቃል «በረዶ» ይለዋል። ለልጅ ግን ልዩነቱን ማስረዳት የሕይወት ጉዳይ ነው። ሐይቅ ላይ ለመራመድ ጥርት ያለው በረዶ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል፤ ነጣ ያለው ደካማ ስለሆነ እጥፉ ያስፈልገዋል። ውፍረቱ ካልተለካ አለመውጣት ነው።

ለጀማሪ ቤተሰብ ከሁሉ የሚቀለው በስሌድ ከጉብታ መንሸራተት ይመስለኛል። ወጪው ትንሽ ነው፣ አባትም ከልጁ ጋር ይስቃል። ተቀምጦ እግርን አስቀድሞ እንጂ በጭንቅላት አይወረድም፤ ዛፍና መንገድ የሌለበት ቦታ ይመረጣል። ትንሽ ቆይቶ በጠፍጣፋ መሬት ላይ የሚኬድበትን ስኪ መሞከር ይቻላል። «ይሄ የፈረንጅ ነው» ለሚል ሰው፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በዚሁ ስፖርት ተወዳድሯል።

ቤት ሲገባ እርጥቡ ልብስ ወዲያው ይውለቅ፤ የልጁ ጣት፣ ጆሮና አፍንጫ ይታይ። ቆዳው ነጥቶ ወይም ገርጥቶ ከደነዘዘ አይታሽም፣ እሳት አጠገብም አይቀርብም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይነከርና ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ቤት ይወሰዳል።