ካሜራ አስተርጓሚ ሲሆን

የቪዲዮ ካሜራ ሥራው ምንድን ነው ቢባል፣ «ሠርግ መቅረጽ ነዋ!» የማይል የለም። እውነት ነው። ነገር ግን ሌላም ሥራ አለው። በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን መካከል ገብቶ ያስተረጉማል። ዛሬ የምናነበው ስለዚሁ ነው።

አስተርጓሚ ለምን አስፈለገ? ሠርግ ከተቀረጸ በኋላ ባለሙያው ሥዕሉን ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል። የማያስፈልገውን ይቆርጣል፣ ዘፈን ይጨምራል፣ የሙሽሮቹን ስም ይጽፋል። ይህን ሁሉ የሚያየው በኮምፒዩተሩ ስክሪን ነው። ባለሠርጉ ግን የሚያየው ቤቱ ባለው ቴሌቪዥን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጀርባው ያበጠው አሮጌ ቴሌቪዥን የሥዕሉን ዳር ዳር ይውጠዋል። ስለዚህ ከዳር የተጻፈ የሙሽራዪቱ ስም ግማሹ ሊቀር ይችላል። ቀለሙም ይለያያል፤ በኮምፒዩተር ነጭ የነበረው ነጠላ በቴሌቪዥን ወደ ቢጫ ሊያደላ ይችላል። ካሴቱ ተባዝቶ ለዘመድ አዝማድ ከታደለ በኋላ ምን ይደረጋል? ባለሙያው ሳያስረክብ በፊት ሥራውን በቴሌቪዥን ማየት ነበረበት።

ታዲያ ኮምፒዩተሩን በቀጥታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ቢያገናኘውስ? ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ለአሮጌ ቴሌቪዥን የሚሆን መውጫ አልነበራቸውም። ኮምፒዩተር ሥዕልን የሚይዘው በቁጥር ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን ቁጥር አያውቅም፤ የሚቀበለው በሽቦ ውስጥ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። አንዱ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም ማለት ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዲቪ የሚባለው የካሜራ ዓይነት ገበያ ወጣ። ይኸ ካሜራ በካሴቱ ላይ ሥዕሉን በቁጥር ይጽፋል። ቁጥሩንም ወደ ሞገድ ለውጦ ለቴሌቪዥን መስጠት ያውቃል። በእኛ አገር ቴሌቪዥን በሠራበት በፓል ሥርዓት፣ በየሴኮንዱ 25 ሥዕል እንዲህ እየተረጎመ ያሳልፋል። እንዲያው ሁለት ቋንቋ እንደሚያውቅ ሰው ነው።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም። ፋየርዋይር የሚባለው ገመድ አንዱ ጫፍ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሌላው ካሜራው ላይ ይሰካል። ከካሜራው ደግሞ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ቢጫው የሥዕል ነው። ነጩ የግራ ድምፅ፣ ቀዩ የቀኝ ድምፅ ነው። ቢጫውን በነጩ ቦታ የሰካ ሰው ሥዕል ጠብቆ ጠብቆ ይቀራል። ካሜራው በመቅረጫው ሳይሆን በማጫወቻው በኩል ይከፈታል፤ ካሴት አያስፈልገውም። ባትሪው መሐል ላይ እንዳያልቅ ከመብራት ጋር ቢያያዝ ይሻላል። ድምፁንም ከቴሌቪዥኑ መስማት ነው። ሥዕሉ በካሜራው ሲያልፍ ትንሽ ይዘገያልና፣ ድምፁን ከኮምፒዩተሩ የሚሰማ ሰው አፍና ቃል አልገጥም ይሉታል።

ይህ መንገድ ግን ወሰን አለው። ወደ ቴሌቪዥኑ የሚያልፈው በቪዲዮ ማቀናበሪያው ፕሮግራም የሚላከው ሥዕል ብቻ ነው። ደብዳቤ ወይም የሒሳብ መዝገብ በዚህ መንገድ እናያለን ማለት ዘበት ነው። ሌላም ነገር አለ። በአውሮፓ ከውጭ ቪዲዮ የሚቀዳ ካሜራ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። በዚህ ምክንያት ለዚያ ገበያ የተሠሩ ብዙ ካሜራዎች ከኮምፒዩተር የሚመጣውን እንዳይቀበሉ ተደርገው ተሸጡ። ቀዳዳው አለ፣ ገመዱም ይገባል፣ ሥዕል ግን የለም። ዘመድ ከአውሮፓ የላከው ካሜራ እንዲህ ሲሆን ብልሽት ይመስላል፤ ብልሽት ግን አይደለም።

ዛሬ ለዚህ ሥራ ብሎ ካሜራ መግዛት እኛ አንመክርም። የአሁን ኮምፒዩተሮች የፋየርዋይር ቀዳዳ የላቸውም። አዲሱ ቴሌቪዥን ደግሞ ቁጥር ያውቃል፤ ኤችዲኤምአይ በሚባል አንድ ገመድ ሥዕሉንም ድምፁንም ከኮምፒዩተር በቀጥታ ይቀበላል። አሮጌ ቴሌቪዥን ላለው ሰውም ከኤችዲኤምአይ ወደ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ የሚለውጥ ትንሽ ዕቃ አለ። ይኸኛው የኮምፒዩተሩን ስክሪን እንዳለ ያሳያል፤ ብቻ ደቃቅ ፊደል ይደበዝዝበታል።

የዚያን ዘመን ትንንሽ የዲቪ ካሴቶች ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ግን ካሜራውን አይጣለው። በዚያው በፋየርዋይር ገመድ፣ ቀዳዳው ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር፣ በካሴቱ ያለውን ወደ ኮምፒዩተር ማስገባት ይቻላል። በአውሮፓ የተሸጠውም ካሜራ ቢሆን የተዘጋው መግቢያው እንጂ መውጫው አይደለም።