ስለ ሕግ ትምህርት

አዳሚ ቱሉ ከባቱ ከተማ በስተ ደቡብ፥ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ቁልቋል በአንድ ክረምት ዛፍ አይሆንም፤ የሕግ ዐዋቂም እንዲሁ ነው።

በኦሮሞ ሕዝብ በገዳ ሥርዓት ሰው ሕግን የሚማረው በዕድሜ በዕድሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው እስኪሻገር 8 ዓመት ይቆያል። ሕፃኑ ከሽማግሌዎች አፍ ታሪክን ይሰማል፤ ሲጐለምስ በጉባኤ ያዳምጣል፤ ተራው ሲደርስም ይመራል። ሕጉ በቃል ተጠብቆ ስለ ኖረ፥ ማዳመጥ የማይችል ሰው ሕግ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በቤተ ክህነትም ፍትሐ ነገሥትን የሚማር ሰው ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ግእዙን ያነብባል፤ መምህሩም ይተረጕምለታል። መጽሐፉ 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙም ስለ ሥጋዊ ነገር ይናገራሉ።

በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3367 ቁጥሮች ነበሩት። ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይቻልም፤ ስለዚህ ተማሪው መፈለግንና መመርመርን ይማራል።

ጀማሪ ተማሪ ጥቂት ቁጥሮች ባጠና ጊዜ ሕግ ያወቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ሁለት ጎረቤቶች በእርሻ ድንበር ቢጣሉ፥ የሕጉ ቃል አጭር፥ ነገሩ ግን ረጅም ይሆንበታል። መሬቱን ማን ሲያርስ ኖረ? ምልክቱን ማን ተከለ? ማንስ አየ? ብሎ መጠየቅ አለበት። መምህሩም አንድ ቀን ለከሳሽ፥ በማግሥቱ ለተከሳሽ እንዲከራከር ያዝዘዋል። በዚህ ያልወደደውን ወገን ቃል በትዕግሥት መስማትን ይለምዳል።

ኋላም በችሎት ተቀምጦ ዳኛው እንዴት እንደሚጠይቅ፥ ምስክሩም እንዴት እንደሚመልስ ያያል። በዐዋቂ እየተመራ፥ ጠበቃ ማቆም ለማትችል ድሀ ማመልከቻ ይጽፋል። በትምህርት ቤት ቢሳሳት መምህሩ ያርመዋል፤ በዚህ ቢሳሳት ግን ድሀይቱ መሬቷን ልታጣ ትችላለች። ይህን ያስተዋለ ተማሪ የጻፈውን ሁለት ጊዜ ሳይመረምር አይሰጥም።

አባቶች ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። ችኩል ሰው ግማሹን ሰምቶ ይፈርዳል፤ ብልህ ግን ሁለቱን ወገን እስኪሰማ ድረስ አፉን ይጠብቃል። ፊደል የሚቈጥር ልጅም ከባልንጀሮቹ ጠብ መካከል ቢገባ፥ አስቀድሞ ሁለቱንም ይስማ።