የመተማና የቋራ ሳተላይት ምስሎችን በኪውጂአይኤስ በሥርዓት ለመያዝ

በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥ ማሳን፣ የእጣን ዛፍ ደንን ወይም በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ የሚነሣ ቃጠሎን የሚከታተል ባለሙያ በአንድ ወቅት ብቻ በርካታ ምስሎች ይከማቹበታል። የሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ያንኑ ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሣሉ፤ አንዱ ቁራጭ 110 በ110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሁሉንም እንዳሉ ወደ ኪውጂአይኤስ መጫን ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ሌየር ከመከፈቱ በፊት ነው።

1. ምስል ይምረጡ። በክረምት ደመናው ብዙ ነው፤ ሰሊጡ የሚለመልመውም በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ ክረምቱን ጨርሶ አይተዉት፤ ማሳዎ የታየባቸውን ቀኖች ብቻ ያስቀሩ።

2. ፎልደሩን በፈረንጆች ዓመት ይሰይሙ። ሰሊጥ በሰኔና በሐምሌ ተዘርቶ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ይታጨዳል፤ በእኛ አቆጣጠር ከተሰየመ አንዱ የምርት ዘመን በሁለት ፎልደር ይከፈላል። የፋይሉ ስም የያዘውን ቀን በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ 2023-10-14።

3. ባንዶቹን ያጣምሩ። ባለ10 ሜትሮቹን 2፣ 3፣ 4 እና 8 ይውሰዱ። ከ«ራስተር» ምናሌ «ሚሴሌኒየስ»፣ ቀጥሎ «ቢልድ ቨርቹዋል ራስተር» ይክፈቱ። እያንዳንዱ ፋይል በራሱ ባንድ ይግባ የሚለው ሳጥን ምልክት እንዳለበት ይቆይ።

4. ፕሮጄክሽኑን አንድ ያድርጉ። በዚህ አካባቢ ትልቁ እንቅፋት ይህ ነው። የዩቲኤም ዞን 36 እና 37 የሚለያዩት በ36 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ መተማ ዮሐንስ በዞን 37፣ አላጥሽ ደግሞ በዞን 36 ይወድቃሉ። ቨርቹዋል ራስተር የተለያየ ፕሮጄክሽን አይቀላቅልም፤ የተለየውን ፋይል ዘሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ስማቸው ቲ36 የሚሉትን ቁራጮች በ«ዋርፕ» ወደ ኢፒኤስጂ 32637 ይቀይሩ። የፒክስል ስፋቱን 10 ሜትር፣ ባዶ እሴቱን 0 ያድርጉ። ለተራ ምስል «ባይሊኒየር»፣ በመደብ ለተከፋፈለ ካርታ ግን «ኒረስት ኔበር» ይምረጡ።

5. ቁራጮቹን ያገናኙ። የአንድ ቀን ምስሎችን እንደገና በቨርቹዋል ራስተር ያያይዙ፤ አሁን ግን የሳጥኑን ምልክት ያጥፉ። ካላጠፉት ቁራጮቹ ጎን ለጎን በመገጠም ፋንታ እንደ ባንድ ይደራረባሉ። ምስሎች በተደራረቡበት ቦታ የሚታየው ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ያለው ነው።

6. ፒራሚድ ይሥሩ። በ«ቢልድ ኦቨርቪውስ» 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 ደረጃዎችን ይስጡ። የምዕራብ ጎንደር ዞንን በሙሉ ሲያዩ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ፒክስል ማንበብ አይኖርበትም።

7. ቀለሙን ይቆልፉ። ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን እሴት ሶፍትዌሩ በየምስሉ ከመረጠ ያው ማሳ በየቀኑ ሌላ ቀለም ይይዛል። አንዱን ምስል አስተካክለው ስታይሉን ለሌሎቹ ይቅዱ። አንድ ጥንቃቄ፦ በስማቸው ኤን0400 ወይም ከዚያ በላይ ቁጥር ያላቸው ምስሎች እሴታቸው ላይ 1000 ተጨምሯል፤ ከቀደሙት ጋር ከማወዳደርዎ በፊት ይቀንሱት።

8. በቡድን ያስቀምጡ። በዘመን በዘመን ግሩፕ ይክፈቱ፤ ለዘር፣ ለልምላሜና ለአጨዳ የየራሳቸውን «ማፕ ቲም» ያዘጋጁ። ለእያንዳንዱ ሌየር ቀኑን ከሰጡ በ«ቴምፖራል ኮንትሮለር» ለውጡን በተከታታይ ያያሉ።

በመጨረሻ ወደ 36 ዲግሪው መስመር ተጠግተው መንገዱና ወንዙ ሳይሰበር መቀጠሉን ያረጋግጡ፤ ከተሰበረ ወደ 4ኛው ደረጃ ይመለሱ። ሥራውን ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሲያስረክቡ ምስሎቹን ከነፎልደራቸው ይስጡ፤ ቨርቹዋል ራስተር የምስሎቹን አድራሻ እንጂ ምስሉን አይዝምና ብቻውን ቢላክ ባዶ ነው።